ሁሉም ሥራ እኩል አይቸኩልም

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለአካባቢው የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮችና አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ተሰራጨው ግብዓት፣ ለገበያ ስለ ቀረበው ምርትና ለአባላት ስለ ተከፈለው የትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው፤ የሚገባም ነው። የዛሬው ንግግር ግን በሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይሰፍር አንድ ችግር ነው። ይኸውም ሥራ ሲደራረብ የቱ እንደሚቀድምና የቱ እንደሚቆይ አለመለየት ነው። በየዓመቱ ምርት ከሚቀንስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሲሮጥ የዋለ፣ ሲሮጥ ያመሸ ታታሪ ሰው ዋናውን ሥራ ሳይደርስበት ይቀራል። ዘር ካለፈ ደግሞ የሚጠበቀው የሚመጣው ዓመት ነው፤ ብድሩ ግን አይጠብቅም።

ሰኔና ሰኞ ሲገጥም

አበው ክፉ አጋጣሚ ሲደራረብ «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» ይላሉ። በገጠር ኑሮ ሰኔ ሰኞ ባይገጥመውም የመደራረብ ወር ነው። በማሳ በኩል የበቆሎው ኩትኳቶ ይደርሳል፣ የስንዴው መሬት ለዘር ይዘጋጃል፣ የጤፉ መሬት ይደጋገማል። በቤት በኩል ጎተራው የሚሟጠጥበት፣ ለዘር የተቀመጠው እህል ለቀለብ የሚታሰብበት ጊዜ ነው። በቢሮ በኩል ደግሞ የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ ስለሚጀመር ሪፖርት፣ ቆጠራ፣ ብድር ማስመለስና የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ በሰኔ ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች ይጋጫሉ፤ አንዱ የዝናብ፣ ሌላው የቢሮ። ግጭቱም የሚያርፈው በተመሳሳይ ሰዎች ላይ ነው። የመሠረታዊ ማኅበሩ ሰብሳቢ ራሱ አርሶ አደር ነው። ንብረት ክፍሉም ማሳ አለው። የሒሳብ ሹሟ ቤት አላት፣ ልጆች አሏት።

የአንድ ሰብሳቢ የሰኔ ቀን ምን እንደሚመስል ለምሳሌ ይታይ። ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን ይጠምዳል። ሁለት ትልም ሳያወጣ ስልኩ ይጮኻል፤ ማዳበሪያ የጫነው መኪና መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል፣ ቁልፉ ግን ወረዳ የሄደው ንብረት ክፍል ጋ ነው። በሬዎቹን ፈትቶ ይሄዳል። መጋዘኑ ዘንድ ሳይደርስ ከቀበሌ ለስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው ላይ እያለ ሁለት አባላት በሚዛን ተጣልተው ይመጣሉ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የብድር ወረቀታቸው እንዲፈረምላቸው ደጅ ይጠናሉ። ሲመሽ መኪናው በግማሽ ተራግፏል፣ ስብሰባው ለሌላ ቀን ተቀጥሯል፣ ጠቡ አልበረደም፣ ወረቀቱ አልተፈረመም፣ ማሳውም ሁለት ትልም ብቻ እንደ ወጣበት አድሯል።

ይህን ሰው ሰነፍ የሚለው አይኖርም። ለጠራው ሁሉ «እሺ» ያለ ሰው ነው፤ ለሁሉም ደርሶ አንዱንም አልጨረሰም።

መጀመሪያ መቁጠር

ሥራ በሐሳብ ብቻ ሲከመር ከልኩ በላይ ይገዝፋል፣ ሰውንም ያስጨንቃል። ሲቆጠር ግን ልኩ ይታወቃል። አንዳንዱ ከተፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው ደግሞ በእርግጥም ከአቅም በላይ መሆኑ ጊዜ ሳያልፍ ይታያል።

ለመቁጠር የሚያገለግል መለኪያ በአገር ቤት አለ። ጥማድ የመሬት መለኪያ ብቻ ሳይሆን የሥራም መለኪያ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን በግምት የአንድ ሄክታር ሩብ ያህላል። አንድ ሄክታር ተኩል ያለው አርሶ አደር 6 ጥማድ አለው ማለት ነው። መሬቱን 4 ጊዜ ደጋግሞ ለማረስ 24 የእርሻ ቀን ያስፈልገዋል። አንድ በሬ ብቻ ኖሮት ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ የሚያርስ ከሆነ ጥንዱ ለእርሱ የሚደርሰው በየሁለት ቀኑ ስለሆነ 24ቱ ቀን 48 ይሆናል። እሑድና የወር በዓላት፣ የገበያና የለቅሶ ቀናት ሲታከሉበት ከሁለት ወር ያልፋል።

ይህን ሒሳብ አስቀድሞ በበልጉ ወራት የሠራ አርሶ አደር ምርጫ አለው። በመጀመሪያው ዝናብ እርሻ ይጀምራል። ወይም ከጥማዱ አንዱን ለእኩል ይሰጣል። ወይም የኮትቻ መሬት ካለው ከፊሉን ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በአፈሩ እርጥበት ለሚዘራው ሽምብራ ወይም ጓያ ያቆየዋል፤ በዚህም የሐምሌው ጫና ይቀልለታል። ያንኑ ሒሳብ በሐምሌ የሠራ ሰው ግን የሚተርፈው ቁጭት ብቻ ነው።

በማኅበርም እንዲሁ ነው። 600 አባላት ያሉት አንድ ማኅበር ማዳበሪያ ሲያድል ስም ለማጣራት፣ ደረሰኝ ለመቁረጥና ለማስረከብ ለአንድ ሰው 6 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በሰዓት 10 ሰው፣ በ8 ሰዓት 80 ሰው ይስተናገዳል። 600ውን ለማዳረስ 8 ቀን ገደማ ይወስዳል። ሁሉም በአንድ ቀን ከተጠሩ 520 ሰዎች ቀናቸውን አባክነው፣ አህያቸውን ባዶ እየነዱ ይመለሳሉ። በየጎጡ ተከፍለው ቢጠሩ ግን ያው ንብረት ክፍል በዚያው ሚዛን ያለ ግፊያ ይጨርሳል። የጎጦቹም ተራ በዘር ቀን ይወሰናል፤ አስቀድሞ በቆሎ የሚዘሩት፣ ቀጥሎ ስንዴ የሚዘሩት፣ ከዚያ ጤፍ የሚዘሩት። ተራው በዝምድና ወይም በድምፅ ከፍታ ከተወሰነ ግን የዘገየው ሰው ዘሩ ያልፍበታል።

ሦስት ጥያቄዎች

ሥራው ከተቆጠረ በኋላ ቅደም ተከተል ማውጣት ይከተላል። ለዚህም ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይበቃል።

አንደኛው፣ ይህ ሥራ ዛሬ ባይሠራ የሚጠፋው ነገር ተመልሶ ይገኛል ወይ? ሁለተኛው፣ ከዚህ ሰው በቀር ሊሠራው የሚችል የለም ወይ? ሦስተኛው፣ ሥራው ጨርሶ ቢቀር ማን ይጎዳል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ምክንያቱም የሚጮኸው ሥራና የሚጠፋው ሥራ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ስልክ ይጮኻል፣ ስብሰባ ጠሪ በር ያንኳኳል፣ የተጣላ ሰው ድምፁን ያሰማል። አረም ግን አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ያድጋል። በቆሎ በበቀለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረም ከተሻማው በኋላ ቢታረምም የተወሰደበት አይመለስም። ዩሪያም እንዲሁ ነው። ለቡቃያው የሚጨመረው ዩሪያ መሬቱ እርጥበት ባለው ቀን መግባት ይኖርበታል፤ በደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ ከዋለ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል። ገንዘቡ ተከፍሎበታል፣ ጉልበቱ ወጥቶበታል፣ ሰብሉ ግን አላገኘውም። የቤት ክዳን በሳምንት ቢዘገይ፣ የድንበር ክርክር ለመስከረም ቢቀጠር ግን የሚጠፋ ነገር የለም፤ ቢኖርም ይመለሳል።

የስንዴ ዋግ ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በ2002 ዓ.ም. ክረምትና በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ አምራች አካባቢዎች ተዛምቶ፣ በወቅቱ በስፋት ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ጋላማ የተባሉ ዝርያዎች ክፉኛ ጎዳ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለው ዲገሉ በብዙ አካባቢ ተተካ። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ይህንኑ ዲገሉን መታው። ጥሩ ዝርያ መዝራት ማሳን ከመመልከት ነፃ እንደማያደርግ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዋግ በጥቂት ቅጠሎች ላይ እንደታየ በወቅቱ የተረጨ መድኃኒት ሰብሉን ያተርፋል። ቅጠሉ ከነደደ በኋላ መርጨት ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ማሳ ውስጥ ገብቶ ቅጠል መመርመር ማንም የማይጠራበት፣ ማንም ሪፖርት የማይጠይቅበት ሥራ ነው። በመሆኑም ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘነጋው እርሱ ነው።

ሳይቸኩል ዋና የሆነ ሥራ

ሌላ ዓይነት ሥራ ደግሞ አለ። ዛሬ ቢቀር ማንም አያየውም፤ ሲከማች ግን የሰኔን ጭንቅ የሚፈጥረው እርሱ ነው።

የዘር ብቅለት ሙከራ አንዱ ነው። 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ በ10 መስመር መደርደር፣ ጨርቁን እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ ከሳምንት በኋላ የበቀለውን መቁጠር ነው። ከ100ው 60 ብቻ ቢበቅል በግንቦት ሌላ ዘር ለመፈለግ ጊዜ አለ። ይኸው ጉድለት በሐምሌ ማሳው ላይ ከታየ ግን ዳግም መዝሪያ ዘርም፣ ቀንም፣ ገንዘብም አይገኝም። አንድ ሳምንት የሚፈጅ ቀላል ሥራ በመቅረቱ የዓመት ድካም ይበላሻል።

የማኅበሩ መዝገብ ሌላው ነው። የዕለቱን ደረሰኝ ማታ ማታ በ15 ደቂቃ የሚመዘግብ የሒሳብ ሠራተኛ ኦዲተር ሲመጣ አይደነግጥም። ደረሰኙን በጆንያ ከትቶ ያቆየ ግን ሰኔን በሙሉ ወረቀት ሲፈልግ ያሳልፋል፤ በዚያ ጊዜ መጋዘኑ ይዘጋል፣ አባላትም ይጉላላሉ። ማዳበሪያው የሚያርፍበትን ርብራብ ማዘጋጀት፣ የመጋዘኑን ጣሪያ ከክረምት በፊት መመልከት፣ ሚዛኑን ማስፈተሽም የበጋ ሥራዎች ናቸው። በበጋ ያልተሠራ ሁሉ ለክረምት ዕዳ ሆኖ ይተላለፋል።

ሸክምን ማከፋፈል

ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ሰው ሊሠራው አይችልም ወይ የሚል ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ለኅብረት ሥራ ማኅበር የተነገረ ይመስላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለጠቅላላ ጉባኤው፣ ለሥራ አመራር ኮሚቴውና ለቁጥጥር ኮሚቴው የየራሳቸውን ድርሻ ለይተዋል። ሆኖም በተግባር ሁሉም ነገር በሰብሳቢው ትከሻ ላይ የሚወድቅባቸው ማኅበራት ጥቂት አይደሉም። ሰብሳቢው ሲታመም ማኅበሩ አብሮ የሚታመም ከሆነ የሥራ ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የመጋዘን ሁለተኛ ቁልፍ በሌላ ኃላፊ እጅ መኖሩ፣ የሚዛን አቤቱታ ለቁጥጥር ኮሚቴ መቅረቡ፣ መኪና ሲመጣ የሚረከበው ሰው አስቀድሞ መታወቁ ቀላል ነገሮች ናቸው። ከላይ የተጠቀሰው ሰብሳቢ እነዚህ ቢሟሉለት በሬዎቹን ባልፈታ ነበር።

ሸክም ሲከፋፈል የሴቶች ድርሻም በግልጽ መቆጠር አለበት። በክረምት አንዲት እናት ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ምግብ ታዘጋጃለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፤ ከዚያ በላይ አረም ላይ ትውላለች። ደቦ በተጠራ ቀን ደግሞ እንጀራውና ጠላው የእርሷ ነው። የባልየው የሥራ ዝርዝር ብቻ ተቆጥሮ የወጣ ቅደም ተከተል ግማሹን ሥራ አላየም። ባልና ሚስት ማታ በእሳት ዳር ተቀምጠው የነገውን ሥራ ቢነጋገሩ፣ አረሙ የእርሷን እጅ በሚፈልግበት ሳምንት ውኃውን እርሱ ወይም ልጆቹ በአህያ ቢያመጡ አረሙም ይደርሳል፣ እርሷም አትሰበርም።

ወንፈልም የቆየ የቅደም ተከተል ትምህርት ቤት ነው። በደንብ በተመራ ወንፈል «የማን ሰብል ደርሷል?» ይባላል። በዕድሜ ታላቅ ቢሆንም ሰብሉ ያልደረሰ ሰው ተራውን ለደረሰበት ይለቃል፤ የእርሱም ቀን ሲመጣ ሁሉም ይወጣለታል። ማኅበራትም ተሽከርካሪና መውቂያ ሲያከራዩ፣ መድኃኒት መርጫ ሲያውሱ ይህንኑ ሥርዓት ቢከተሉ ቅሬታ ይቀንሳል።

ይሉኝታና «እሺ»

ብዙ ሰው የሥራውን ብዛት ያውቃል፤ ቢሆንም «አሁን አልችልም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። «እሺ» ብሎ መቅረት ግን እምቢ ከማለት ይከፋል፤ ጠያቂው ተስፋ አድርጎ ይጠብቃልና። የተሻለው መንገድ ቀን ቆርጦ ማቆየት ነው። «እማማ፣ ጉዳይዎ ተመዝግቧል፤ ሐሙስ ጠዋት መጋዘኑ ዘንድ ይፈረምልዎታል» የሚል መልስ አክብሮት አለው፣ ሰውንም አያመላልስም። ሐሙስ ሲደርስ ግን መፈጸም ያስፈልጋል። ቀጠሮ የሚያከብር ሰው «ቆይ» ሲል ይታመናል።

ድካምም ልክ አለው። በሬ እንኳ ቀትር ላይ ይፈታል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ብር ሲቆጥር ይሳሳታል፣ መድኃኒት ሲለካ ያበዛል፣ ከአባላት ጋር በቀላሉ ይጋጫል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለዚህ ነው።

ለሥራ ኃላፊዎች

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ከዚህ በላይ የተነገረው አርሶ አደሩና ማኅበሩ በራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነው። ከፊሉ ጫና ግን ከበላይ የሚመጣ ስለሆነ የሚቃለለውም በበላይ ነው። እዚህም ላይ መቁጠር ይጠቅማል። ጥንድ በሬ ያላቸው 200 አርሶ አደሮች በዘር ሰሞን ለግማሽ ቀን ስብሰባ ቢጠሩ 100 የእርሻ ቀን ይወሰዳል። ይህም 100 ጥማድ፣ ማለትም 25 ሄክታር መሬት ያህል አንድ ጊዜ የሚታረስበት ጉልበት ነው። ስብሰባው ይህን ያህል ዋጋ ካለው ይካሄድ፤ ከሌለው ግን በሬ በማይጠመድበት ቀን ቢደረግ ወይም በጎጥ ተወካዮች በኩል መልእክቱ ቢተላለፍ ይመረጣል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። በዘር ወቅት ብድር አስመላሽ፣ መረጃ ሰብሳቢና ስብሰባ ጠሪ ከሆነ ማሳ ላይ የሚሰጠው ምክር ይቀራል። ዋግ የታየበትን ማሳ በጊዜ የሚያይ ዓይን ይጠፋል። ተመሳሳይ መረጃ በሦስት ቅጽ ከሚጠየቅ በአንድ ቢጠየቅ ለሁሉም ወገን ይበጃል።

ከሁሉ በላይ አንድ ልማድ ቢለመድ ብዙ ነገር ይስተካከላል። አዲስ ሥራ ሲታዘዝ «ለዚህ ሲባል የቱ ሥራ ይቆይ?» የሚለው አብሮ ይነገር። ያለዚህ ሁሉም ሥራ «ቅድሚያ የሚሰጠው» ይባላል፤ ሁሉም ቅድሚያ ሲሰጠው ደግሞ ቅድሚያ ያገኘ ሥራ የለም። የታች ሠራተኛው በራሱ ግምት አንዱን ይጥላል። የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ የማይጮኸውን፣ ማለትም የማሳውን ሥራ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከሚመጣው የዘር ወቅት በፊት አንድ ቀላል ነገር ቢጀምር መልካም ነው። በመጋዘኑ በር ላይ በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ በላዩም ሦስት መስመር ይጻፍ። የመጀመሪያው በዚህ ሳምንት ካልተሠራ የማይመለስ ሥራ፣ ሁለተኛው ከነኃላፊው ስም ለሌላ ሰው የተሰጠ ሥራ፣ ሦስተኛው ከነቀኑ እንዲቆይ የተወሰነ ሥራ። ማንበብ የማይችል አባል ቢኖር ጸሐፊው ያነብለታል። እንዲህ ሲሆን ሰብሳቢው ለምን ማሳው ላይ እንዳለ፣ ወረቀቱ ለምን ሐሙስ እንደሚፈረም አባላት ያውቃሉ፤ ሐሜትም ቦታ ያጣል።

ዝናብ የሰውን ሁሉ ሥራ አይጠብቅም። በቀን ውስጥ ያለው ሰዓትም ለሁሉ አይበቃም። ለዋናው ሥራ ግን ይበቃል፤ ዋናው የቱ እንደሆነ በጋራና በጊዜ ከተለየ።

መልካም የምሥረታ በዓል! መጪው የምርት ዘመን የጥጋብና የሰላም ይሁን!